የደጁ ጥበትና የቤቱ ክብር

ሰው በተፈጥሮው በቀላሉ ያገኘውን ነገር ያቃልላል፤ ደክሞ ያገኘውን ግን ያከብራል። ወርቅ የሚከበረው ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ስለ ሆነና ከመሬት ሆድ ለማውጣት ስለሚያደክምም ነው። ሹመትም እንደዚሁ ነው። ብዙ ዘመን ደጅ ጠንቶ ሹመት ያገኘ ሰው ሹመቱን የሚመዝነው ከሥራው ጥቅም ይልቅ በደጅ ባሳለፈው ቀን ብዛት ነው። ይህ ልማድ በወርቅና በሹመት ላይ ሲሆን ምናልባት ጉዳቱ ብዙ አይሆንም፤ በዕውቀት ላይ ሲመጣ ግን ጥቂት ቆም ብሎ መመርመር ይገባል።

ዛሬ ወጣቶች ተሰብስበው ስለ ታላላቆቹ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲነጋገሩ ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለመግባት ከሁሉ የሚያስቸግረው የትኛው ነው?» የሚል ነው። አንዱ ኦክስፎርድ ነው ይላል፤ ሁለተኛው የለም ካምብሪጅ ነው ይላል፤ ሦስተኛውም ከሎንዶን ትምህርት ቤቶች አንዱን ይጠራል። ጥያቄው ወሬ የመጠየቅ ያህል ብቻ ይመስላል። በውስጡ ግን ያልተነገረ ሌላ ነገር አለ፤ ለመግባት የሚያስቸግረው ቤት የበለጠ ቤት ነው፤ ወደዚያም የገባው ሰው የበለጠ ሰው ነው የሚል ሐሳብ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን፥ ማለት የደጁን ጥበት፥ የቤቱን ክብርና የገባውን ሰው ዋጋ ለያይቼ ለማየት አስባለሁ። ሦስቱ ተደባልቀው ሳሉ ብዙ ወጣት ያለ አግባብ ይኮራል፤ ብዙ ወጣትም ያለ አግባብ አንገቱን ይደፋል። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ፥ የደጁ ጥበት በምን ይለካል? ብዙ ሰው የሚለካው በቀላል ሒሳብ ነው። ያመለከቱት ስንት ናቸው፥ የገቡትስ ስንት ናቸው ብሎ አንዱን ለሌላው ያካፍላል። ኦክስፎርድ በየዓመቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ20 ሺ በላይ ማመልከቻ ይመጣለታል፤ የሚቀበላቸው ግን ከ3 ሺ ጥቂት ከፍ የሚሉትን ብቻ ነው። ከሰባት አመልካች አንዱ ገደማ ይገባል ማለት ነው። የሎንዶን የኤኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤትም (በአጭሩ ኤል.ኤስ.ኢ. የሚባለው) እንደዚሁ ከ20 ሺ በላይ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ቦታው ግን 2 ሺ አይሞላም። ስለዚህ ከአሥር አመልካች አንድ እንኳ አይገባም።

ወጣቶች ይህን ሒሳብ አይተው «እንግዲያውስ ኤል.ኤስ.ኢ. ከኦክስፎርድ ይጠብቃል» ይላሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። በብሪታንያ ተማሪው ለየዩኒቨርሲቲው ለየብቻ አይጽፍም። ዩካስ የሚባል አንድ ድርጅት ማመልከቻውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ተማሪውም በአንድ ማመልከቻ እስከ አምስት ምርጫ ድረስ መጻፍ ይችላል። ይሁን እንጂ በጣም ጥቂት ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር በአንድ ዓመት ለኦክስፎርድም ለካምብሪጅም ማመልከት አይፈቀድም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው። ለሁለቱ የተቆረጠው ቀንም ኦክቶበር 15 ስለ ሆነ ከብዙዎቹ ይቀድማል። እንግዲህ በኦክስፎርድ ደጅ የሚቆመው ተማሪ አስቀድሞ ራሱን የመዘነ፥ መምህራኑም «ሞክር» ያሉት፥ ካምብሪጅን ለዚያ ዓመት የተወ ነው። በኤል.ኤስ.ኢ. ደጅ ከሚቆሙት ግን ብዙዎቹ በሌሎች አራት ደጆችም ቆመዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ራሱ ኦክስፎርድ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው አምስት ቦታ ሲቆጠር ሰልፉ ሁሉ የረዘመ ይመስላል። ስለዚህ የአመልካቹ ብዛት የሚያሳየው ስንት እጅ እንደሚያንኳኳ ነው እንጂ የመዝጊያውን ክብደት አይደለም።

እንደገናም «ኦክስፎርድ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ራሱ ያሳስታል። ተማሪው የሚያመለክተው ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ ሳይሆን ለአንድ የታወቀ የትምህርት ዓይነት ነው፤ የደጁም ስፋት በየትምህርቱ ይለያያል። ክላሲክስ ለሚባለው፥ ማለት ለጥንታዊው የግሪክና የላቲን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ካመለከቱት ከሦስት አንዱ ገደማ ይገባል። ኤኮኖሚክስና ማኔጅመንት ካመለከቱት ግን ከአሥር አንዱም አይገባም፤ ለኮምፒዩተር ሳይንስም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በአንድ ግቢ፥ በአንድ ስም፥ በአንድ ማኅተም ሥር ይህን ያህል ልዩነት አለ።

እዚህ ላይ ፈጣኑ ሰው «እንግዲህ ክላሲክስ ቀላል ነው፤ ብልጥ የሆነ በዚያ ይግባ» ይል ይሆናል። እኔ ግን ጥቂት ማሰብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ላቲንና ግሪክ በእንግሊዝ አገር በነጻ በሚያስተምሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በብዙዎቹ አይሰጡም፤ በብዛት የሚሰጡት ብዙ ገንዘብ በሚከፈልባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ነው። ኦክስፎርድ እነዚህን ቋንቋዎች ላልተማረ ሰው የሚሆን ሌላ መንገድ ከፍቷል፤ ቢሆንም ስለ ትምህርቱ ሰምቶና ወድዶ እስከ ደጁ የሚደርሰው ልጅ ጥቂት ነው። እንግዲያስ ደጁ ሰፊ የመሰለን በኦክስፎርድ ስናየው ነው። እውነተኛው ደጅ ከዚያ ብዙ ርቆ፥ የ11 ዓመት ልጅ ላቲን የሚባል ነገር መኖሩን በሚሰማበት ወይም በማይሰማበት ክፍል ላይ ቆሟል። በዚያ ደጅ ሰልፍ የለም፤ ማንም አመልካቹን አይቆጥርም፤ የተመለሰውም ልጅ መመለሱን አያውቅም።

ይህ በክላሲክስ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በግል ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆች ከመቶ 7 ገደማ ናቸው። ወደ ኦክስፎርድ ከሚገቡት የብሪታንያ ተማሪዎች ግን ሢሶው ገደማ ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች የመጣ ነው። እርግጥ በዚያ የሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ማንም ስንፍናቸውን አይናገርም። ነገር ግን አንድ ደጅ ለአንዱ ልጅ ሜዳ፥ ለሌላው ዳገት ከሆነ «ይህ ደጅ ምን ያህል ያስቸግራል?» ብሎ በአንድ ቍጥር መመለስ እንዴት ይቻላል? አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ተረድተው ልጁ ያደገበትን ሰፈርና የተማረበትን ትምህርት ቤት ተመልክተው ዝቅ ባለ ውጤት ይቀበላሉ። ከኦክስፎርድ ኮሌጆች አንዱ የሆነው ሌዲ ማርጋሬት ሆልም በ2016 ዓ.ም. ችግር ለነካቸው ወጣቶች የአንድ ዓመት መሰናዶ ትምህርት ጀምሮ ነበር። ይህን አድልዎ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ዳገት ወጥቶ የመጣውን ሰው ከሜዳ ሯጩ ጋር ሲያወዳድሩ ዳገቱን መቍጠር አድልዎ ሊባል አይገባም እላለሁ።

ደግሞም ደጆቹ በዓይነታቸው የተለያዩ ናቸው። ኦክስፎርድ በዲሴምበር ወር የመረጣቸውን ጠርቶ በቃል ይጠይቃል፤ መምህሩ ተማሪው ከዚህ በፊት ያላየውን ነገር አቅርቦ እንዴት እንደሚያስብ ይመለከታል። ኤል.ኤስ.ኢ. ግን በቃል የመጠየቅ ልማድ የለውም፤ ወረቀቱን አይቶ ይፈርዳል። በካምብሪጅ ሒሳብ ለመማር የፈለገ ሰው ቦታው ከተፈቀደለት በኋላ ስቴፕ የሚባለውን ከባድ ፈተና ደግሞ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ «ግባ» የሚል ደብዳቤ ከደረሳቸው ብዙዎቹ ከደብዳቤው በኋላ ይቀራሉ። ንግግር የሚከብደው ጎበዝ በአንደኛው ይወድቃል፤ በሁለተኛው ይገባል። በልምምድ ብዛት ከፍ ያለ ማርክ ያገኘው ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል። ዋናተኛና ተራራ ወጭ ማን ይበልጣል ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ከአመልካቹም ከመምህሩም ፈቃድ ውጭ የሆነ ጥበትም አለ። ሐኪም የሚሆኑትን ተማሪዎች ቍጥር የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ምክንያቱም ሐኪም ለማሠልጠን ብዙ የመንግሥት ገንዘብ ይወጣል። በሌሎቹ ትምህርቶች እንኳ በእንግሊዝ አገር የቍጥሩ ገደብ የተነሣው በ2015 ዓ.ም. ነው። በስኮትላንድ ደግሞ የአገሩ ልጅ የትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ ዋጋውን መንግሥት ስለሚከፍልለት የስኮትላንድ ልጆች ቦታ በገደብ ነው። ከእንግሊዝ ወይም ከባሕር ማዶ መጥቶ ራሱ የሚከፍለው ግን በዚያ ገደብ አይያዝም። ስለዚህ ወደ ሴንት አንድሩስ ወይም ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሁለት እኩል የሆኑ ወጣቶች ቢያመለክቱ፥ አንዱ የዚያው አገር ልጅ፥ ሁለተኛው እንግዳ ቢሆን፥ በአንድ ደጅ የቆሙ ይመስላሉ እንጂ በሁለት ደጅ ነው የቆሙት። የአገሩ ልጅ ቢቀር የቀረው አእምሮው አንሶ ሳይሆን የገንዘብ ሚኒስቴር ሒሳብ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ልጅ «ደካማ» የሚለው ሰው ምን ያህል ይበድለዋል!

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ደጁ ስለ ጠበበ ቤቱ ይከበራልን? ለዚህ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው።

በኦክስፎርድ ማስተማር የተጀመረው በ1096 ዓ.ም. እንደ ሆነ ይነገራል፤ ካምብሪጅ የተመሠረተው በ1209 ዓ.ም. ከኦክስፎርድ በጠብ ምክንያት በሄዱ ሊቃውንት ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት መቶ ዓመት ያህል በእንግሊዝ አገር ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ደጃቸውም በዚያ ዘመን በጣም ጠባብ ነበር፤ ጥበቱ ግን ዛሬ በምናስበው ዓይነት አልነበረም። በኦክስፎርድ ለመመዝገብ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ያወጣቸውን 39 የሃይማኖት አንቀጾች አምኖ መፈረም ግዴታ ነበር፤ ይህ እስከ 1854 ዓ.ም. ቆይቷል። በካምብሪጅም ሳይፈርሙ መማር ይቻል እንደ ሆነ እንጂ ዲግሪ መቀበል አይቻልም ነበር። ካቶሊኩ፥ አይሁዳዊውና ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለየው ፕሮቴስታንት ሁሉ በውጭ ቀሩ። ነገሩ በሕግ የተፈታው በ1871 ዓ.ም. ነው። በካምብሪጅ ያለው ኪንግስ ኮሌጅ ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመት የኢተን ትምህርት ቤት ልጆችን ብቻ ይቀበል ነበር፤ እነዚህም ልጆች እስከ 1851 ዓ.ም. ድረስ የዩኒቨርሲቲውን ፈተና ሳይፈተኑ ዲግሪያቸውን ይቀበሉ ነበር። ከዚህ የጠበበ ደጅ ከየት ይገኛል? ከዚህስ የላላ ቤት ከየት ይገኛል?

አዳም ስሚዝ ከ1740 እስከ 1746 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ባሊዮል ኮሌጅ ተምሯል። የአገሮች ሀብት ስለሚባለው ነገር በጻፈውና በ1776 ዓ.ም. በታተመው በታላቁ መጽሐፉ ውስጥ በኦክስፎርድ ከመምህራኑ የሚበዙት ማስተማርን ይቅርና ያስተማሩ መምሰልን እንኳ ከተዉ ብዙ ዓመት እንደ ሆናቸው መስክሮባቸዋል። ምክንያቱንም ሲገልጽ ደመወዛቸው ከተማሪው ሳይሆን ከኮሌጁ ሀብት የሚመጣ ስለ ሆነ ቢያስተምሩም ባያስተምሩም አይጎድልባቸውም ይላል። እርሱ ራሱ ወደ ኦክስፎርድ ከመሄዱ በፊት በግላስጎ ተምሮ ነበር፤ በኋላም በዚያው አስተማረ። በስኮትላንድ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከተማሪው የሃይማኖት ፊርማ አይጠይቁም ነበር፤ ዋጋቸውም ትንሽ ነበር። የእንግሊዝ ደጅ የተዘጋባቸው ወጣቶች ሕክምና ለመማር ወደ ኤዲንብራ ይሄዱ ነበር። ጆሴፍ ብላክ ስለ ሙቀት ምርምሩን ያደረገው በግላስጎ ነው፤ የእንፋሎትን ሞተር ያሻሻለው ጄምስ ዋትም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሣሪያ ሠሪ ነበር። በዚያ ዘመን ደጁ የሰፋው ቤት ሲሠራ ደጁ የጠበበው ቤት ያንቀላፋ ነበር። ይህን የምለው ዛሬ ኦክስፎርድ እንደዚያ ነው ለማለት አይደለም፤ ዛሬ በዓለም ካሉት ታላላቅ የምርምር ቦታዎች አንዱ መሆኑ አይካድም። የምለው ግን ጥበቱና ክብሩ በአንድ ገመድ የታሰሩ አለመሆናቸውን ነው።

ጆን ዳልተን የተባለው ሊቅ ስለ አቶም የጻፈውን ኬሚስቶች ሁሉ ያውቃሉ። እርሱ ኩዌከር የሚባለው ማኅበር አባል ስለ ነበረ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ደጅ ለእርሱ ዝግ ነበር። ማይክል ፋራዴይም የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ሆኖ ያደገ፥ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያመለከ ሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። በ1832 ዓ.ም. የሳይንስ ሰዎች በኦክስፎርድ በተሰበሰቡ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ለሁለቱም የክብር ዶክተርነት ሰጣቸው። የሃይማኖቱ ፊርማ ግን በዚያን ጊዜ ገና አልተሻረም ነበር። ወጣት ሆነው በተማሪነት ቢመጡ የማይቀበላቸው ቤት አርጅተው በታላቅነት ሲመጡ ቀይ ካባ አለበሳቸው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቍጥር ካባውን የሸለመው ማን፥ የተሸለመውስ ማን እንደ ሆነ መለየት ይቸግረኛል።

የሴቶችም ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በ1890 ዓ.ም. በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ፊሊፓ ፎሴት የምትባል የኒውነም ኮሌጅ ተማሪ ከወንዶቹ አንደኛ ከሆነው በላይ ውጤት አገኘች። በዚያ ዘመን ይህ ፈተና በብሪታንያ ካሉት ሁሉ የከበደ ይባል ነበር። ዲግሪ ግን አልተሰጣትም፤ ሴት ነበረችና። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 ዓ.ም. ነው፤ ካምብሪጅ ግን እስከ 1948 ዓ.ም. ቆየ። ሎንዶን በ1826 ዓ.ም. ሃይማኖት የማይጠየቅበትን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያቋቁም ብዙ ሰዎች ንቀውት ነበር፤ ዛሬ ይህ ቤት ወጣቶቻችን «ለመግባት ያስቸግራሉ» ብለው ከሚቈጥሯቸው አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የተቃራኒውንም ወገን ቃል መስማት ይገባል። ፈተናን የሚደግፍ ሰው «ፈተና ባይኖር ማን ይገባ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ከላይ በኪንግስ ኮሌጅ ታይቷል፤ የሚገቡት ወገን ያላቸው ነበሩ። ፈተና የማንንም አባት አያውቅም፤ ቢያንስ እንዳያውቅ ይታሰባል። ደግሞም ጎበዞች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ብረት ብረትን እንደሚስል እርስ በርሳቸው ይሳሳላሉ፤ መምህሩም ተማሪው ሁሉ እንደሚከተለው ካወቀ በፍጥነት ይሄዳል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም አልክደውም። ወንበሩ ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ሲሆን መምረጥ የግድ ነው። የምቃወመው መምረጡን ሳይሆን ምርጫውን እንደ መለኮት ፍርድ መቍጠሩን ነው።

ፈተና የሚያየው የሚጠይቀውን ነገር ብቻ ነው። የሕንዱ የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን በአገሩ ኮሌጅ በፈተና ወድቋል፤ ከሒሳብ በቀር ሌላ ትምህርት ለማጥናት ልቡ እምቢ ስላለው ነው። በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሳለ ወደ እንግሊዝ ሊቃውንት ደብዳቤ ጻፈ። ከሃርዲ በፊት የጻፈላቸው ሁለት ታላላቅ የካምብሪጅ ሰዎች አልረዱትም። በ1913 ዓ.ም. ደብዳቤው የደረሰው ሦስተኛው፥ ጎድፍሪ ሃርዲ፥ በጥሞና አንብቦ ጠራው፤ በ1914 ዓ.ም. ካምብሪጅ ገባ፤ በ1918 ዓ.ም. የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ። በዚያው ሰው ላይ በሕንድ ዝቅተኛው ደጅ ተዘጋ፤ በእንግሊዝ አገር ከፍተኛው ተከፈተ። ሁለቱን የለየው የሃርዲ ትዕግሥት ነው። የኖቲንግሃሙ ወፍጮ ባለቤት ጆርጅ ግሪንም ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት ኀይል ታላቁን ጽሑፉን በ1828 ዓ.ም. ራሱ አሳትሞ፥ በ40 ዓመቱ ወደ ካምብሪጅ የገባ ሰው ነው። ዛሬ በፊዚክስ መጻሕፍት ስሙ የሚጠራበትን ሥራ የሠራው በወፍጮ ቤት ሳለ ነው።

«እነዚህ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ የሚገኙ ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያስ ወደ ተራው ሰው እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይም ያለው በእርሱ ዘንድ ነው። በአንድ ኮሌጅ ለአንድ ትምህርት አምስት ቦታ አለ እንበል። ስድስተኛውና አምስተኛው ልጅ በምን ይለያያሉ? አንዱ ትናንት ያነበበው ነገር በጥያቄው መጣ፤ ሌላው በዚያ ቀን ራሱን አመመው፤ ወይም መምህሩ ተርቦ ሳለ ጠየቀው። ካምብሪጅ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ አንድ ኮሌጅ ቦታ ያጣላቸውን ጥሩ አመልካቾች ወረቀት በክረምቱ ወደ አንድ ቦታ ሰብስቦ ሌሎቹ ኮሌጆች እንዲመለከቱት ያደርጋል፤ በየዓመቱም በዚህ መንገድ ብዙዎች ይገባሉ። በአንዱ ኮሌጅ ያልተመረጠው በጎረቤቱ ኮሌጅ ተማሪ ይሆናል። ፍርዱ ከሰማይ የወረደ ቢሆን ኖሮ መንገድ ተሻግሮ ባልተለወጠ ነበር።

ማይክል ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በ1958 ዓ.ም. ሜሪቶክራሲ ማለት በችሎታ የተመረጡ ሰዎች አገዛዝ ስለሚባለው ነገር አንድ መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉ የተጻፈው ለፌዝና ለማስጠንቀቂያ ነበር። በሐሳቡ ያየው አገር ሁሉ ነገር በፈተና የሚታደልበት አገር ነው። በዚያ አገር ከላይ የተቀመጡት «ያገኘነው የሚገባንን ነው» ብለው ርኅራኄ ያጣሉ። ከታች ያሉት ደግሞ የጥንቱ ድሀ የነበረውን ማጽናኛ ያጣሉ። የጥንቱ ድሀ «ዘር ቢኖረኝ፥ ዕድል ቢቀናኝ» ይል ነበር፤ የአዲሱ ድሀ ግን «ተመዝነህ ቀለህ ተገኘህ» ይባላል። ሰዎች ግን ፌዙን ረስተው ቃሉን ለምስጋና አደረጉት፤ ያንግም በ2001 ዓ.ም. በጋዜጣ ወጥቶ በዚህ ማዘኑን ገለጠ። እኔ እንደሚመስለኝ የደጁ ጥበት ወሬ በወጣቶች ዘንድ የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው ነው። የገባው ልጅ በ18 ዓመቱ ስለ ራሱ የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠ ይመስለዋል፤ ያልገባውም እንደዚሁ። አንዱ ከዚያ በኋላ ለመማር ይሰንፋል፤ ሁለተኛው ለመማር ይፈራል። ሁለቱም በአንድ ቀን፥ በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው።

ከእኛም አገር ወደዚያ የሚያመለክቱ ወጣቶች አሉና ይህን ነገር በተለይ ለእነርሱ ልናገር እወዳለሁ። በባዕድ አገር ደጅ ላይ የሚቆም ሰው ከፈተናው ሌላ የሚጠየቀው ብዙ ነው። ቋንቋው፥ ገንዘቡ፥ ቪዛው፥ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግረው ሰው ማግኘቱ ሁሉ ከደጁ ጥበት ይቈጠራል። ከዚህ ሁሉ የትኛው እንደ መለሰው ሳያውቅ «አእምሮዬ አንሶ ነው» የሚል ወጣት ማንም ያልፈረደበትን በራሱ ላይ ይፈርዳል።

ያ ማይክል ያንግ ቅሬታውን ጽፎ ብቻ አልተቀመጠም። ደጅ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም ብለው ከተነሡት ሰዎች አንዱ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ሃሮልድ ዊልሰን ሐሳቡን ለሕዝብ ተናገረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ በኋላም ጄኒ ሊ የተባለችው ሚኒስትር ብዙ ተቃውሞ ተቋቁማ ሥራውን ፈጸመችው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ማለት ክፍት ዩኒቨርሲቲ በ1969 ዓ.ም. የንጉሣዊ ቻርተሩን ተቀበለ፤ በ1971 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ለመግባት የቀድሞ የምስክር ወረቀት አይጠየቅም። ችግሩ ያለው ከገቡ በኋላ ነው። ቀን ሥራ የዋለ ሰው ሌሊት ያነባል፤ ልጆቿን ያስተኛች እናት በእኩለ ሌሊት ድርሰቷን ትጽፋለች፤ በመጀመሪያዎቹ ዘመናትም ትምህርቱ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነበር። ከጀመሩት መካከል ብዙዎች ሳይጨርሱ ይቀራሉ። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ዲግሪያቸውን የተቀበሉት በ1973 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተምረውበታል። እነዚህን ሰዎች ግን ወጣቶቻችን በሚያወጡት የአስቸጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ውስጥ የሚቈጥራቸው የለም፤ ዝርዝሩ የሚጠይቀው እንዴት እንደ ገቡ ብቻ ነውና።